ስለምትውጪው ክኒን

ውድ ሂሩትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? መጥፋት እንዲህ ነው? ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ ስንገናኝ እንጨቃጨቅበታለን፤ አሁን ሌላ ጉዳይ አለኝ። ኩላሊት እንደተቀየረልሽ እናትሽ ነገሩኝ። እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ! ሰውነትሽ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ ታክሮሊመስ የሚባል ክኒን ትውጫለሽ አሉ፤ እጅሽን ያንቀጠቅጥሻል። "ሰዓት አታሳልፊ ይሉኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም" እያልሽ ትማረሪያለሽ አሉ። እኔ ደግሞ ውዬ የማመሸው ከቲ-ሴል ጋር ነው። እንዲህ ያለ ዕድል መቼ አገኛለሁ?

ቲ-ሴል ነጭ የደም ሴል ነው። ባዕድ ነገር ሲያገኝ ሳይቶካይን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች ይረጫል፤ ሌሎቹን የሚያነሳሳው በእነሱ ነው። አንዱ፣ ኢንተርሉኪን-2፣ ቲ-ሴሎቹን ራሳቸውን ያባዛል። አዲሱ ኩላሊትሽ ደግሞ ለእነሱ ባዕድ ነው፤ ዘመድ ይስጥሽ ማን ይስጥሽ ግድ የላቸውም።

ግን ቲ-ሴል በቀላሉ አይነሳም። የእድር ገንዘብ ከባንክ ሲወጣ የሊቀ መንበሩ ፊርማ ብቻውን ይበቃል እንዴ? የገንዘብ ያዡም ያስፈልጋል። እዚህም አንደኛው ፊርማ ቲ-ሴሉ ገጽ ላይ ሆኖ ባዕዱን ከሚለየው ፕሮቲን ይመጣል፣ ሁለተኛው እዚያው ካለው ሲዲ28 ከሚባል ሌላ ፕሮቲን። አንደኛው ብቻውን ከመጣ ሴሉ ይደነዝዛል።

የመጀመሪያው ፊርማ ሲያርፍ የሴሉ ውስጥ ይታመሳል። ኢንዛይም ኢንዛይምን ይቀሰቅስና ካልሲየም ከውጭ ይጎርፋል። ካልሲየሙ ካልሲኒዩሪን የሚባለውን ኢንዛይም ያነቃል። ኤንፋት የሚባል ፕሮቲን ፎስፌት የሚባል ትንሽ ኬሚካል ተለጥፎበት፣ ዲኤንኤው ካለበት የሴሉ እምብርት (ኑክሊየስ) ውጭ ተቀምጧል። ካልሲኒዩሪን ፎስፌቱን ሲያነሳለት ገብቶ ዲኤንኤው ላይ ያርፋል፤ የኢንተርሉኪን-2 ምርትም ይጀመራል። በጎን የሚሄዱ ሌሎች መስመሮችም አሉ፤ ሁለተኛው ፊርማ በተለይ እነሱን ነው የሚያበረታው። በእነሱ አላደክምሽም። ያንቺ ክኒን ሥራ የሚያስቆመው ካልሲኒዩሪንን ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው ታሪክ ነው። ታክሮሊመስ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ከጹኩባ አፈር በወጣ ባክቴሪያ ተገኘ። ከእሱ በፊት ለዚሁ ሥራ የነበረው መድኃኒት፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ደግሞ ከኖርዌይ አፈር ከመጣ ፈንገስ ነው። በቅርጽ አይገናኙም። ሴል ውስጥ መጀመሪያ የሚጣበቁበት ፕሮቲንም ለየቅል ነው። በ1991 ግን ሁለቱም ዞረው ዞረው ያው ካልሲኒዩሪን ላይ እንደሚወጡ ታወቀ! እኔ ይሄን ሳነብ እስካሁን ይደንቀኛል።

ሰዓቱን የሚያጠብቁብሽ ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከደምሽ ሲቀንስ ካልሲኒዩሪን ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ቲ-ሴሎቹም ኩላሊቱ ላይ ይነሳሉ። ሲበዛ ደግሞ ራሱን ኩላሊቱን ይጎዳል። ደምሽን ቶሎ ቶሎ የሚለኩት መሃሉን ለማግኘት ነው። ካልሲኒዩሪን አንጎል ውስጥም ሞልቷል፣ መድኃኒቱ ደግሞ ቲ-ሴልን ብቻ መርጦ አይነካም። መንቀጥቀጡ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ በራስሽ እንዳትቀንሺ። ግሬፕፍሩት የሚባለውን ፍሬ ተዪው፣ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። የባህል መድኃኒትም ሳትጠይቂ እንዳትነኪ፤ አውቅሻለሁ።

"ምን አለበት ቲ-ሴሉ ቢነሳ?" እንዳትዪ፣ ለንደን በ2006 የሆነውን ልንገርሽ። ሲዲ28ን በቀጥታ የሚቀሰቅስ አዲስ መድኃኒት ለስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጠ። አንደኛው ፊርማ ሳይኖር ማለት ነው። መጠኑ ጦጣዎች ላይ ችግር ካላመጣው 500 ጊዜ ያነሰ ነበር። በሰዓት ተኩል ውስጥ ሰውነታቸው በሳይቶካይን ተጥለቀለቀ፣ ሁሉም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም ተርፈዋል። በኋላ ሲመረመር፣ በጦጣ ዘንድ አንዳንዶቹ ቲ-ሴሎች ሲዲ28ን ጥለውታል፤ የሰዎቹ ግን ይዘውት ነበር። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ካልሆነ ብዬ የምጨቀጭቀው ወድጄ አይደለም።

የሚቀጥለው የደም ውጤትሽ ሲመጣ ቁጥሩን ላኪልኝ። መጻፍ ከደከመሽ በቴሌግራም በድምፅ ይሁን።

ያንቺው ማህሌት