ምት ስለመቁጠር ለእህቴ

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የኖታ ትምህርት መጀመርሽን ካነበብኩ ወዲህ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ጣቶችሽ የፒያኖውን ቁልፎች ቢያገኙም ምቱ እንደሚጠፋብሽ ስለጻፍሽልኝ፣ ከአጠገብሽ ሆኜ እያጨበጨብኩ ላስቆጥርሽ ባልችል እንኳ የማውቀውን በጽሑፍ ላስረዳሽ።

ከሁሉ አስቀድሞ ምት በእኩል የጊዜ ርቀት የሚመላለስ መሆኑን ያዢ። ምት የሚያሰማውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖሙን፣ 60 ላይ ብታደርጊው በየሰከንዱ አንድ ምት ይሰጥሻል፤ ከእርሱ ጋር «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያልሽ ድምፅ አውጥተሽ ቁጠሪ። በአራት አራተኛ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ባር (በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ባለው የኖታ ክፍል) አራት የሩብ ኖታ ምት በሚቆጠርበት ስልት፣ ሙሉ ኖታ አራቱንም ምቶች ይይዛል፤ ግማሽ ኖታ ሁለት፣ ሩብ ኖታ አንድ። ስምንተኛ ኖታ የምቱ እኩሌታ ስለሆነ በቁጥሮቹ መካከል «እና» እየጨመርሽ «አንድ እና፣ ሁለት እና» በዪ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ሲደርስ ቁጥሩን ያፋጥናል፤ የሚጨምረው ግን በአንድ ምት ውስጥ የሚገቡት ኖታዎች ብዛት እንጂ የምቱ ፍጥነት አይደለም።

አደራ የምልሽ ዝምታውንም እንድትቆጥሪ ነው። የሩብ ዕረፍት ምልክት እንደ ሩብ ኖታ ሁሉ አንድ ሙሉ ምት ይወስዳል፤ በሦስተኛው ምት ላይ ከመጣ እጅሽ ይቁም እንጂ አንደበትሽ «ሦስት» ማለቱን አይተው። ግማሽ ኖታም በስተቀኙ ነጥብ ካለው የራሱን እኩሌታ ጨምሮ ሦስት ምት ስለሚሆን፣ ሦስተኛው ምት እስኪያልቅ ጣትሽን አታንሺ።

እኔን እጅግ የሚመስጠኝ በሦስት አራተኛና በስድስት ስምንተኛ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በሁለቱም አንዱ ባር ስድስት የስምንተኛ ኖታዎችን ይችላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ጥንድ ጥንድ ሆነው «አንድ እና፣ ሁለት እና፣ ሦስት እና» ተብለው ሲቆጠሩ፣ በሁለተኛው ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ እስከ ስድስት ይቆጠራሉ፣ ክብደቱም በአንድና በአራት ላይ ያርፋል። እያፈራረቅሽ አጨብጭቢያቸው፤ ዜማ ሳይኖር እንኳ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማሻል።

አሁን የምትለማመጂውን ክፍል ገልብጠሽ፣ ቁጥሩን ከየኖታው ሥር በእርሳስ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ምቱ የት ላይ እንደሚጠፋብሽ አብረን እናየዋለን። ለእናታችንና ለአባታችን የናፍቆት ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ