ለጥሩ ቀን የተቀመጠው ሽቶ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት ከቡና ጋር ነው የማነበው። ባለፈው ሳምንት የአንድ አንባቢ ደብዳቤ አይቼ ግን ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ጸሐፊው ሕዝቡ በኑሮ ውድነት እየተጨነቀ ሽቶና ቦርሳ የሚገዙ፣ ወይን የሚጠጡ ሴቶች ሊያፍሩ ይገባል ብለዋል። የተናገሩት እንደኔ ላለችው ስለሆነ መልሱንም እኔው ልስጥ። አላፍርም።

ማን መሆኔን ልንገራችሁ። 46 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ እቁብም እድርም አለኝ፣ ለታናሽ ወንድሜም የኮሌጅ እከፍላለሁ። ወር እንዴት እንደሚያልቅ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እና ሦስት ነገሮች እወዳለሁ። ጥሩ ሽቶ፣ ጥሩ የቆዳ ቦርሳ፣ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ከእህቴ ጋር የምንካፈለው አንድ ጠርሙስ ወይን።

እናቴ ቅመም ነጋዴ ነበረች። አደስ፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ ስትሸጥ ውላ ማታ ስታቅፈኝ ልብሷ ራሱ ገበያውን ይሸት ነበር። አክስቴ ከጂዳ ስትመለስ አንድ ሽቶ አመጣችላት። እናቴ በነጠላ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ለጥምቀት ከጆሮዋ ሥር ትንሽ ነካ ታደርጋለች። እኔ የተመረቅኩ ዕለት አንድ ጊዜ ተቀባችው። ሌላ ጊዜ "እማዬ ተቀቢው እንጂ" ስላት "ለጥሩ ቀን ይሁን ልጄ" ነበር መልሷ። እናም ሞተች። አርባዋ ካለፈ በኋላ ከእህቴ ጋር ሣጥኑን ከፈትን። ጠርሙሱ ከግማሽ በላይ አለ። ቀለሙ ግን የቡና አተላ መስሏል። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ አለኝ። ሽቶን ሙቀትና ብርሃን እንደሚያበላሸው፣ ብዙ ዓመት ሲቀመጥም እንደሚለወጥ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የቀብሯን ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። በሕይወቷ ለራሷ ብቻ የነበራት ነገር እሱ ነበር፣ እሱንም ሳትጠግበው ተበላሸ።

ከዚያ ወዲህ ሽቶዬን ማክሰኞም እቀባለሁ። ለመሥሪያ ቤትም፣ ለገበያም፣ ቤት ውዬ ልብስ ሳጥብም።

አሁን ብክነት ነው ወደተባለው ልምጣ። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ልቁጠርላችሁ። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ሲጫኑት የሚወጣው ከሞላ ጎደል የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ወደ 1,000 ጊዜ ይነፋል። እኔ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጊዜ ነው የምነፋው፣ 500 ቀን ይቆየኛል ማለት ነው። የመጨረሻውን ጠርሙስ እቁብ ሲደርሰኝ በ18,000 ብር ገዛሁት። ለቀን ሲካፈል 36 ብር ይመጣል። በ36 ብር መሥሪያ ቤቴ አካባቢ አንድ ማኪያቶ አይገኝም። በየቀኑ ሁለት ማኪያቶ የሚጠጣ የሥራ ባልደረባዬን፣ ከሥራ መልስ ሦስት አራት ድራፍት የሚጠጣውን፣ ቅዳሜን በጫት የሚያሳልፈውን "አታፍርም ወይ" ብሎ በጋዜጣ የጻፈበት ሰው አላየሁም። ይጻፍባቸው እያልኩ አይደለም። ሰው ላቡን ጠብ አድርጎ ካገኘው ላይ ለራሱ ትንሽ ቢያስቀር ማንንም አልበደለም። ጥያቄው ሁልጊዜ ወደ ሴቷ ቦርሳ ብቻ ለምን እንደሚዞር ግን ይገባኛል፣ ያናድደኛልም።

የዶላሩ ጉዳይ እውነት ነው፣ በዚህ አልከራከርም። መድኃኒትና ነዳጅ ይቀድማሉ። በጥቅምት 2015 ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ሲከለከል ሽቶም መጠጥም ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ያኔ አላጉረመረምኩም። ግን ሽቶው ከሱቅ አልጠፋም እኮ! በሻንጣ ገባ፣ ዋጋው ናረ፣ ፎርጅዱም በዛ። ሐምሌ 2016 ላይ ክልከላው ሲነሳ ደግሞ በዚያው ሰሞን የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ሽቶ መግዛት የሚቻለውም የማይቻለውም በዚህ ተለየ፤ የኔ ዓይነቱ ሰው አሁን በዓመት አንዴም ከገዛ ጥሩ ነው።

በዚያ መሀል እኔም ተበላሁ። ሱቁ ባለመስታወት፣ ንጹሕ፣ መብራቱ የሚያምር ነው። ካርቶኑ በላስቲክ እንደታሸገ ስለነበር አልተጠራጠርኩም። ለአንድ ሰዓት ያህል ጥሩ ሸተተኝ። ከዚያ ስፒሪት ስፒሪት ይለኝ ጀመር። ማታ አንገቴ ላይ ሽፍታ ወጣ። በማግስቱ ይዤው ስሄድ ባለሱቁ "ኦሪጂናል ስላለመድሽ ነው እህቴ" አለኝ። ይህቺ ንግግር ከብሩ በላይ አቃጠለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስገዛ ጠርሙሱ ሥር የታተመው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አያለሁ፣ ክዳኑ ሳይላላ ቀጥ ብሎ መግጠሙን አያለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ከመሞከሪያው ጠርሙስ እጄ ላይ አስነፍቼ እወጣለሁ፤ ዞር ዞር ብዬ ከአንድ ሰዓት በኋላም ደስ ካለኝ ነው የምመለሰው። ባለሱቁ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ አለ።

ጸሐፊው እነዚህን ነገሮች የፈረንጅ ልማድ ሲሉ ግን በጣም ተሳስተዋል። የወሎ እናቶች ወይባ ሲሞቁ ከፈረንጅ ተምረው ነው? አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አድርጋ ለበዓል የምትወጣ ሴት የማንን ልማድ ነው የምትከተለው? ጎረቤቴ ሐጂ ጁምዓ ጁምዓ ሽቶ ሳይቀቡ ከቤት አይወጡም፣ ሱና ነው ይላሉ፤ በደረጃው ሲያልፉ መዓዛቸው እኛ ቤት ድረስ ይገባል።

ጥርኝ ከሚባለው አውሬ የሚገኘው የሽቶ ቅባት፣ ዝባድስ? በጅማና በሊሙ በኩል ጥርኝ ይዘው የሚያኖሩ ገበሬዎች ዝባዱን በማንኪያ ጠርገው በከብት ቀንድ ውስጥ ያጠራቅሙታል። ያ ቀንድ ተሸጦ ተሸጦ ፈረንሳይ አገር ይደርስ ነበር። በዓለም ላይ ለሽቶ ከሚውለው ዝባድ አብዛኛውን ስታቀርብ የኖረችው ኢትዮጵያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው፣ ሁሉም በስሙ የሚያውቀው ሻኔል ቁጥር 5 ሳይቀር እስከ 1998 ድረስ የተፈጥሮ ዝባድ ነበረበት፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ሠራሽ ተተክቷል። በመተካቱ ደስ ብሎኛል። ጥርኙ መዞር እንኳ በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ዕድሜውን ሲጨርስ የሚያሳይ ፎቶ አይቼ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እጣኑም እንዲሁ ነው። ከመተማና ከቋራ፣ ከትግራይ ቆላ ተለቅሞ ይወጣል፣ ውጭ አገር ዘይቱ ተጣርቶ ሽቶ ውስጥ ይገባል፣ እኛ ደግሞ ጠርሙሱን በዶላር እንገዛዋለን። ጸሐፊው መቆጨት ከፈለጉ እዚህ ላይ አብረን እንቆጭ።

ቦርሳዬን የገዛሁት እዚሁ አዲስ አበባ ከሚሠሩ ልጆች ነው። 8,000 ብር። አዎ፣ ውድ ነው። አሁን ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ አጠገቤ ነው ያለው። ማዕዘኖቹ ላይ ክሩ ሁለቴ ተመልሷል። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቆዳው ተደርቦ ተሰፍቷል፣ እዚያ ጋ ነው ሁሉም ቦርሳ የሚበጠሰው። አዲስ እያለ ደረቅ ነበር፣ ዛሬ እጄ የሚያርፍበት ቦታ ለስልሶ ጠቆር ብሏል። ከዚህ በፊት በየስምንት ወሩ የምቀይራቸው የላስቲክ ቦርሳዎች ቆዳቸው እየተላጠ ልብሴ ላይ ይቀር ነበር። ይሄኛው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ ቀጭንም ጠንካራም ስለሆነ ለእጅ ጓንት በዓለም የታወቀ ነው። እኛ ሰፈር ግን ባለፈው ፋሲካ ምን ሆነ? ድሮ በጉ ተገፎ ሳያልቅ "ቆዳ! የበግ ቆዳ!" የሚል ድምፅ በር ላይ ይሰማል፣ አባቴም ወጥቶ ይከራከራል፣ ብሩ ለኛ ለልጆች ይሰጠናል። ዘንድሮ ማንም አልመጣም። ቆዳው ጨው ተነስንሶበት ሦስት ቀን ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ። ሸተተ። በአራተኛው ቀን ከቆሻሻ ጋር ሄደ። ከኛ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ እንደዚያ የተጣሉ አሥራ አንድ ቆዳ ቆጥሬያለሁ። እኔ ቦርሳ በመግዛቴ አገር የምጎዳ ከሆነ ይህን ምን እንበለው? አንድ ጥሩ ቦርሳ ሲገዛ የቆዳ ፋብሪካው፣ ሰፊው፣ ዚፕ የሚገጥመው ሁሉም ይበላሉ። ጥሩ ዕቃ የሚፈልግ ገዢ ካልኖረ ጥሩ ሠሪ ከየት ይመጣል?

ስለ ወይኑ ብዙ አልልም። የኔና የእህቴ ጠርሙስ አንዳንዴ ጉደር ነው፣ አንዳንዴ ዝዋይ ላይ ከተተከለው የወይን እርሻ የሚወጣው ሪፍት ቫሊ ነው። ሁለቱም የአገር ውስጥ ናቸው። ሁለት ሁለት ብርጭቆ እንጠጣለን፣ እናወራለን፣ እናታችንን እናነሳለን፣ የተረፈውን ለወጥ እናደርገዋለን። አያቶቻችን በብርሌ ጠጅ ሲጠጡ ማንም ነውር አላለም። አንድ ቀን ምግብ ቤት ገብተን ከወንድማችን ጋር አንድ ጠርሙስ አዘዝን። አስተናጋጁ ለወንድሜ ቀዳለት፣ እኔና እህቴ ፊት ደግሞ ሳይጠይቀን ለስላሳ አስቀመጠ። ልጁ ክፉ አልነበረም። ለሴት የሚቀርበው ይሄ ነው ብለው አስተምረውት ነው።

ጸሐፊው በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ ገንዘቡ ለድሃ ቢሰጥ ይሻላል ብለዋል። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ማርያም ዋጋው የከበረ የናርዶስ ሽቶ በጌታ እግር ላይ ስታፈስ፣ 300 ዲናር ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም ያለ ሰው ነበር። ጌታም "ተዋት" ነው ያለው። ጸሐፊውን ከዚያ ጠያቂ ጋር አላመሳስልም፣ ለድሃ ተቆርቁረው እንደጻፉ አምናለሁ። እኔም ከደሞዜ የማወጣው አለኝ፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን እዚህ አልጽፍም። ቢሆንም ሴት ልጅ ለራሷ አንድ ጥሩ ነገር በገዛች ቁጥር የደግነት ደረሰኝ አምጪ ልትባል አይገባም።

አዘጋጁን አንድ ነገር ልለምን። ለሚቀጥለው በዓል አንድ ዘጋቢ ላኩና ቆዳው ለምን ገዢ እንዳጣ ከነጋዴውም ከፋብሪካውም ጠይቃችሁ ጻፉልን። ፎርጅድ ሽቶ የሸጠን ሱቅ የት ሄደን እንደምንከስም አብራችሁ ብትጠይቁልን ደስ ይለኛል፤ እኔ ሁለት ቦታ ሄጄ ወደዚያኛው ቢሮ ሂጂ ከመባል ሌላ መልስ አላገኘሁም። ጠርሙሱን ከነካርቶኑ አስቀምጬዋለሁ፣ ዘጋቢያችሁ ማየት ከፈለገ አሳየዋለሁ።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሳሪስ