የተመታ ጭን አይታሽም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጭኑን በጉልበት ተመትቶ የወደቀ ተጫዋች ዘንድ መጀመሪያ የሚደርሰው የሚያሽ እጅ ነው፤ ጥፋቱም እዚያው ይጀምራል። የጭን ፊት ጡንቻ በምቱና በአጥንቱ መካከል ሲጨፈለቅ ውስጥ ውስጡን ይደማል። ማሸትና ሙቀት መድማቱን ያባብሳሉ፤ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ይሠራል። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሁለቱም ይቅሩ።

የሚበጀው ጉልበቱን ሕመሙ እስከፈቀደ፣ ቢቻል እስከ 120 ዲግሪ አጥፎ በላስቲክ ፋሻ ማሰርና 24 ሰዓት ማቆየት ነው። ጡንቻው ተወጥሮ ስለሚቆይ ደም የሚጠራቀምበት ቦታ ይጠብባል፤ በኋላም ጉልበቱ «አልታጠፍም» አይልም። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ መያዝ ይረዳል። ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ፋሻው ወዲያው ይፈታ።

ጭኑ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሕመሙ በየሰዓቱ ከጨመረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ የታመቀው ግፊት የደም ዝውውርን ሊያግድ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ሜዳ መመለሻው በቀን ቆጠራ አይወሰንም። በሆድ ተኝቶ ተረከዝን ወደ መቀመጫ ሲያስጠጉ የተመታው እግር ከጤነኛው እኩል ካልታጠፈ፣ ለፈጣን ሩጫ ገና ነው።