የእንጀራው ስህተት፦ የሥዕላዊ መረጃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ ቁጥርን በሥዕል የምናሳይበትን ክበብ ስንከፍት የተመዘገቡት አብዛኞቹ ሥዕል ወዳዶች ነበሩ። የሒሳብ መምህር ነኝና ትንሽ ቅር አለኝ፤ ቁጥር ሲያዩ ይሸሻሉ ብዬ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራችን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በምን ወደ ትምህርት ቤት እንደሚመጡ መጠየቅ ነበር። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየሙ በእግሩ የሚመጣ አለ፤ ለታክሲ ተሰልፎ የሚመጣም አለ። ሲቆጠር እግረኛው የታክሲ ተሳፋሪውን እጥፍ ሆነ። አንዲት ተማሪ «በእንጀራ እንሣለው» አለች። ለታክሲው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስንዝር፣ ለእግረኛው ሁለት ስንዝር የሆነ እንጀራ ሣለች፤ የእንጀራውን ዐይን ሳይቀር በቡናማ እርሳስ አንድ በአንድ ነጠበችው። እጅግ ያምር ነበር። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ያየው ሁሉ «ታክሲ የሚሳፈር የለም እንዴ?» ይል ጀመር።

ሁለቱን እንጀራ በካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጠን ካሬዎቹን ቆጠርን። ትልቁ የትንሹ አራት እጥፍ ነው! ዐይን የሚያየው የሸፈነውን ቦታ ስፋት እንጂ ዲያሜትሩን፣ ማለትም ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት፣ አይደለም። እጥፍ ለማድረግ ዲያሜትሩን በ2 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ1.41 ገደማ፣ ማባዛት ይበቃ ነበር። የ2 ስኩዌር ሩት ምን ይሠራል እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲያደክመኝ የነበረ ልጅ መቀሱን ያነሣው ያን ጊዜ ነው።

እንግሊዛዊቷን ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ያነሣሁላቸውም በዚህ ሰበብ ነው። በክሪሚያ ጦርነት ከቁስል ይልቅ መከላከል በሚቻል በሽታ የሞተው ወታደር እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ1858 ያሳየችበት ባለ ቀለም ክብ ሥዕል የሚለካው በሚሸፍነው ቦታ ስፋት ነው።

ኮምፒውተር አልነበረንም። ለዚህ ማጽናኛ ያገኘሁት ጥቁር አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዱ ቦይስ ከአትላንታ ተማሪዎቹ ጋር ለ1900 (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ዓውደ ርእይ ካዘጋጃቸው ሥዕሎች ነው፤ ወደ 60 የሚጠጉት የጥቁር አሜሪካውያን ኑሮ በቀለምና በብሩሽ፣ በእጅ የተሣለባቸው ናቸው። ልጆቹ ከእነዚህ ሥዕሎች በአንዱ ላይ ያለውን ቀይ ጥምዝምዝ ሲያዩ ፀጥ አሉ፤ ከዚያ ቀለም ፍለጋ ተበተኑ።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን የዝናቡ ክብ ነው። የውኃ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጠን ገልብጠን መልሰን ከተትንበት፤ በየጠዋቱ በማስመሪያ እየለካን በአሥራ ሦስት ወር በተከፈለ ክብ ላይ በሰማያዊ ቀለም አሰፈርን። የበጋው በኩል ፀጉር ያህል ቀጥኖ ቀረ፤ የበልጉ እዚህም እዚያም ወፈር አለ። ሰኔ ላይ ልንሰቅለው ስንል ነው የገባን፦ የአዲስ አበባ ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፣ እኛ ደግሞ እረፍት ላይ ነን። ክቡ ሊያብጥ በሚገባው ቦታ ባዶ ሊቀር ነው።

ልጆቹ ተማክረው ደብተሩንና ማስመሪያውን ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሰጡ። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አገላበጡና «ያልዘነበ ቀንስ?» ብለው ጠየቁ።

«ዜሮ ይጻፉልን፣ ጋሼ።»