አንድ በአንድ መሞከር እንጀራችንን አላሻሻለውም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ጋግሮ ለሆቴልና ለሱፐርማርኬት የሚያቀርብ፣ ወደ ውጭም የሚልክ ድርጅት ውስጥ የጥራት ባለሙያ ነኝ። የምጽፍልዎት ስለ ጤፍ ዋጋ አይደለም፤ ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። የምጽፈው እንጀራው ሲበላሽ ምክንያቱን ስለምንፈልግበት መንገድ ነው።

እንጀራው ዓይን ሲያጣ ወይም በማግስቱ ሲፈረፈር ሁሉም የሚያመካኝበት አያጣም። ጋጋሪዋ ጤፉ ነው ትላለች። ጤፍ ገዢው ወፍጮው ነው ይላል። ኃላፊው ደግሞ «አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሌላውን እንዳትነኩ» ብሎ ያዛል። ይህ ትእዛዝ ጥንቃቄ ይመስላል። ትምህርት ቤትም ያስተማሩን ይህንኑ ነው። እኔ ግን ወደ ኋላ የሚጎትተን ይኸው ልማድ ነው እላለሁ።

እርሾን እንውሰድ። ቤቷ የምትጋግር ሴት ሁሉ በክረምት እርሾ እንደሚበዛ፣ በበጋ እንደሚቀነስ ታውቃለች። ስለዚህ «ምን ያህል እርሾ ይግባ?» ብሎ ብቻውን መጠየቅ አያዋጣም፤ መልሱ በሙቀቱ ይወሰናል። እኔ ስቀጠር የእርሾው ልክ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። የተወሰነው በሚያዝያ ሙቀት፣ አንድ በአንድ እየተሞከረ ነው። ለሚያዝያ እውነትም ደህና ልክ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ግን ሊጡ ኩፍ አልል አለ። ጋጋሪዎቹ አብሲት ጨመሩ፣ ውሃ ቀነሱ፣ ማታ ማታ በርሜሉን ብርድ ልብስ አለበሱት። እንጀራው አንድ ቀን ይቃናል፣ በማግስቱ ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። ማንም ሰንፎ አይደለም። እርሾና ሙቀት ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ አንድ በአንድ በመሞከር ሊታይ ስለማይችል ነው። የስታቲስቲክስ ሰዎች መስተጋብር የሚሉት ይህን ነው።

መስተጋብርን የሚያሳየው ነገሮችን አብሮ የሚቀይር ሙከራ ነው፤ በዘፈቀደ ሳይሆን በዕቅድ። ሦስት ነገር ልናጠና ፈለግን እንበል፤ እርሾ፣ አብሲት፣ የማቡኪያው ክፍል ሙቀት። ለእያንዳንዳቸው አንድ ዝቅተኛና አንድ ከፍተኛ ልክ እንወስናለን። ሁሉንም እርስ በርስ ስናጣምር (2 × 2 × 2) 8 ባልዲ ሊጥ ይመጣል። የእርሾን ውጤት ለማወቅ ብዙ እርሾ የገባባቸውን 4 ባልዲዎች ትንሽ ከገባባቸው 4 ጋር እናስተያያለን። ለአብሲት እነዚያኑ 8 ባልዲዎች በሌላ መልክ ለሁለት እንከፍላቸዋለን። ለሙቀትም እንዲሁ። አንዱ ባልዲ ለሦስት ጥያቄ አገለገለ ማለት ነው። አንድ በአንድ እየቀየርን ይህንኑ ያህል እርግጠኛ እንሁን ብንል 16 ባልዲ ያስፈልገናል፤ ያም ሆኖ መስተጋብሩን አናየውም። ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተገዛ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

እኛ ዘንድ እንዴት እንደተሠራ ልንገርዎት። ባልዲዎቹ ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። የትኛው ቀድሞ እንደሚጋገር በዕጣ ይወጣል፤ ጠዋት ምጣዱ ገና በደንብ አልጋለም፣ እየዋለ ግን ይግላል። እርሾ የበዛባቸውን በሙሉ ጠዋት ብንጨርሳቸው የምጣዱን ጠባይ ለእርሾው እንሰጠው ነበር። እጅ ከእጅ ስለሚለያይ እያንዳንዷ ጋጋሪ ከሁሉም ባልዲ ትጋግራለች። ከባልዲዎቹ ግማሹ ሞቅ ያለው ክፍል፣ ግማሹ ቀዝቃዛው ውስጥ ያድራል፤ በሚቀጥለው ዙር የክፍሎቹ ሙቀት ይገላበጣል፤ አለበለዚያ ሙቀት ያልነው ነገር የክፍሉ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ በሁሉም ነገር መካከለኛ ልክ የተሰጠው ሊጥ ይደጋገማል። ምንም ሳንቀይር እንጀራው በራሱ ምን ያህል ይለዋወጣል የሚለውን የምናውቀው ከዚያ ነው። ይህን ሳያውቁ ትንሽ ልዩነት ባዩ ቁጥር መደነቅ አያስኬድም።

ፍርዱን የሚሰጡት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንጋፋዋ ጋጋሪ ናቸው። እንጀራውን ከሰፌዱ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያስጠጉታል። ዓይኑን ከመሃል እስከ ዳር ያዩታል። ከዚያ ጠርዙን በሁለት ጣት ጠቅልለው ይለቁታል፤ ከተሰነጠቀ «ይሄ ነገ አይበላም» ይላሉ። የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ባልዲው ውስጥ ምን እንደገባ አይነገራቸውም። ውጤቱ እንዲህ ሆነ። በቀዝቃዛው ክፍል እርሾ ሲጨመር ዓይኑ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ። በሞቃቱ ክፍል ያው ጭማሪ እንጀራውን አኮመጠጠው፣ ዓይኑንም አጠፋው። አብሲት ግን በሁለቱም ክፍል ልስላሴውን ረዳ። ግድግዳው ላይ የነበረው ልክ ተነሳ፤ አሁን ጋጋሪዋ ቴርሞሜትሩን አይታ የዕለቱን እርሾ የምትመርጥበት ሠንጠረዥ አለ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር ከ1919 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ በሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ነው ዕጣ ማውጣትን፣ መደጋገምንና ነገሮችን አብሮ መቀየርን መልክ ያስያዘው። ወደ ኬሚካል ፋብሪካ ካስገቡት ሰዎች ዋናው ጆርጅ ቦክስ ነው። ኬሚስትሪ ይማር የነበረ ሰው ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሳለ ስታቲስቲክስን ከመጽሐፍ ራሱን አስተማረ። በ1951 እሱና ኬ. ቢ. ዊልሰን አይሲአይ በሚባለው የኬሚካል ኩባንያ ሲሠሩ ያሳተሙት ጽሑፍ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በጉም ተራራ እንደሚወጣ ሰው፣ በቆምክበት ዙሪያ በጥቂት ሙከራ ዳገቱ በየት በኩል እንደሆነ እወቅ፣ ወደዚያ ተራመድ፣ እንደገና ሞክር። ጫፉ አካባቢ ስትደርስ ደግሞ ኩርባውን የሚያሳዩ ሙከራዎች ጨምር።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ቦክስ በ1957 ያቀረበው ሐሳብ ነው። ፋብሪካው ምርቱን ሳያቆም፣ ደንበኛ በማይጎዳ ጠባብ ክልል ውስጥ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ጥቃቅን ለውጥ እየደጋገሙ ያደርጋሉ። አንድ ቀን የሚታየው ልዩነት ኢምንት ነው። ሲደጋገም ግን ይጠራል። ምርት አቁሞ ለሙከራ ጊዜ መስጠት ለማይችል ለእኛ አገር ድርጅት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን አያውቁም ማለቴ አይደለም። የመመረቂያ ጥናት ሲቀርብ ቦክስ-ቤንከን የሚባለውን የሙከራ ንድፍ ደጋግሜ አያለሁ፤ ለሦስት ነገር ብዙ ጊዜ 15 ሙከራ ይወስዳል። ሶፍትዌሩ ቀመሩን ያወጣል፣ ባለቀለም ኮረብታ ይስላል፣ ምርጡን ልክ እስከ ሁለት ዴሲማል ይሰጣል። ጥናቱ እዚያው ያበቃል። ጤፉ ከአንድ ጆንያ የተቀዳ ነው። ሊጡ ጥቂት፣ ምጣዱ የላብራቶሪ ነው። ቀጣዩ ጆንያ ሰርገኛ ሆኖ ከሌላ አካባቢ ሲመጣ ያ ዴሲማል ለማን ይጠቅማል? የተገኘው ልክ በፋብሪካ ምጣድ፣ በሌላ ጤፍ ተጋግሮ ሳይረጋገጥ «ምርጡ ተገኘ» መባሉን አልቀበልም። ተማሪዎቹን አልወቅስም። በሩን የዘጋንባቸው እኛ ድርጅቶቹ ነን።

የሰው ልክ መቅዳትም አያዋጣም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ከተማዋ ከፍታ ላይ ናት። ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ የሚጋግሩ ወገኖቻችን አብሲት የሚያፈሉት ወደ 100 በሚጠጋ ሙቀት ነው። የእኛ ልክ ለእነሱ፣ የእነሱም ለእኛ መነሻ ቢሆን እንጂ መድረሻ አይሆንም።

ስለ ድብልቅም ልበል፤ በግልጽ የማይወራ ጉዳይ ስለሆነ። ጤፍ ሲወደድ ሩዝ፣ ማሽላ፣ ገብስ ይቀላቀላል። መቀላቀሉ ለደንበኛው በግልጽ እስከተነገረ ድረስ ነውር የለውም። የሚከፋኝ በግምት መደረጉ ነው። ድብልቅ ላይ አንዱን ሳይቀንሱ ሌላውን መጨመር አይቻልም፤ ድምሩ ሁልጊዜ 100 በመቶ ነው። «አንዱን ብቻ ቀይሩ» የሚለው ትእዛዝ እዚህ ጭራሽ አይሠራም። ለዚህ የተለየ የሙከራ ንድፍ አለ፤ የስታቲስቲክስ ሊቁ ሄንሪ ሼፌ በ1958 አዘጋጅቶታል። ማሽላ ብቻውን ሲጨመር የሚያደርቀው እንጀራ ከሩዝ ጋር ሲሆን ምን ይሆናል የሚለውን በጥቂት ሙከራ ማየት ይቻላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የእንጀራ፣ የዳቦ፣ የሳሙና አምራቾች በወር አንድ ፈረቃ ለታቀደ ሙከራ ይስጡ። ቴርሞሜትር ይግዙ፤ የክፍሉን ሙቀት በየዕለቱ ይመዝግቡ። የኬሚካልና የምግብ ምህንድስና ተማሪዎችን ያስገቡ፣ ትክክለኛውን ምጣድና ትክክለኛውን ጤፍ ይስጧቸው። መምህራኑም የማረጋገጫ ሙከራ በድርጅት ውስጥ ካልተደረገ ጥናቱን አይቀበሉ።

ባለቤቶች ሁልጊዜ የሚያነሱት ስጋት ኪሳራ ነው፤ «ከስምንቱ ባልዲ አምስቱ ቢበላሽ ማን ይከፍላል?» ይላሉ። እኛ ጋ መልክ ሳይኖረው የወጣው እንጀራ ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ድርቆሽ ሆኖ ይሸጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የምግብ ጥራት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ