የጸጋዬን ቴአትር ማን ያሳየን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ካረፈ በ2018 ዓ.ም. የካቲት ሃያ ዓመት ሞላው፤ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ደግሞ በዚሁ ዓመት ነሐሴ ዘጠና ዓመቱን ይደፍን ነበር። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሰናዳው ዝግጅት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ፎቶግራፉ በአበባ ይከበባል፤ የክብር እንግዳው ከጽሑፍ ያነብባሉ፤ አንድ ወጣት ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኸዋል፤ ይጨበጨባል፤ ለስላሳ ይጠጣል፤ ወደ ቤት። ተውኔት ግን የለም። የጸሐፌ ተውኔት በዓል ያለ ተውኔት ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ነው።

እኔ በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ የቴአትር ክበቡንም እመራለሁ። ባለፈው ዓመት ለወላጆች ቀን ይህንኑ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተሰኘውን ግጥም አዘጋጅተን ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ በስልካቸው ካዩት እየቀዱ ሁሉም ይጮኹ ነበር። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሰው ወደ እመቤታችን ሲጸልይ ይጮኻል እንዴ?» ያለችው።

ልክ ናት። አቡነ ጴጥሮስ በዚያ ግጥም የሚናገሩት ለሰልፈኛ አይደለም። ሊገደሉ ነው፤ የሚወቅሱትም የሚለማመጡትም እመ ብርሃንን ነው። ልጅቱ ተቀምጣ፣ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ጊዜ ከሞከረችው በኋላ የቀሩት ወደ ጩኸቱ አልተመለሱም።

ከዚያ የትንፋሹ ፈተና መጣ። ተማሪዎቻችን ጆሯቸው የለመደው ወል ቤትን ነው፤ ስድስት ቀለም (ማለት ስድስት የድምፅ ክፍል)፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም። ጸጋዬ ግን ስምንት በስምንት ነው የሚሄደው፤ «የጸጋዬ ቤት» እስከ መባል የደረሰ ስልት ነው። አሥራ ስድስቱን ቀለም በአንድ ትንፋሽ ልወጣው ያለ ልጅ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይከዳዋል፤ የስንኙ ዋና ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ መጨረሻው ላይ ነው ያለው። መሐል ላይ እንዲያርፍ ሲነገረው ዕረፍቱን ያረዝምና ሐሳቡን ይቆርጠዋል። ሳምንታት የፈጀብን ይህ ነው። ግጥሙ ለዓይን ሳይሆን ለተዋናይ ደረት የተሠራ መሆኑ የገባቸውም በዚህ ነው። (ወታደር ሆነው የመጥረጊያ እንጨት የደገኑት ሁለት ወንዶች ሳቅ ስላስነሡ ከመድረክ አውርደናቸዋል። አልተጎዳንም።)

ለልጆቹ አንድ ነገር ነገርኳቸው። ፋሽስቶች አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ውስጥ የረሸኗቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬ አምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል ስፍራ የተወለደው በቀጣዩ ወር፣ በነሐሴ ነው። አቡኑ በተገደሉበት ክረምት የተወለደ ሕፃን አድጎ ያቺን ሰዓት በግጥምም በተውኔትም ጻፋት። ግጥሙን የምናውቅ ብዙ ነን፤ ተውኔቱን ስንቶቻችን አይተናል?

ደግሞም ጸጋዬ ራሱ የትምህርት ቤት መድረክ ልጅ ነው። ገና ታዳጊ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮናስዮስ የጻፈው ተውኔት አምቦ በሚማርበት ትምህርት ቤት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቷል። ያ ልጅ ነው ኋላ ቺካጎ ሄዶ ሕግ ያጠናው፤ ሕጉን ትቶ በለንደንና በፓሪስ ቴአትር ቤቶች የመድረክ ሥራ ቀስሞ የተመለሰው፤ ዛሬ ብሔራዊ የምንለውን ቴአትር ቤት የመራው። በሠላሳዎቹ መባቻ ላይ ሳለም በ1958 ዓ.ም. በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበለ። ሼክስፒርን ሲተረጉም «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» የራሳችን ሰዎች መስለው አማርኛ ተናገሩ። የጀርመናዊውን ጸሐፌ ተውኔት የብሬሽትን የጦር ሜዳ ነጋዴ እናት ወስዶ «እናት ዓለም ጠኑ» አደረጋት። ፈረንሳዊው ሞልዬርም አልቀረው። ከዚህ ሁሉ ግን እኔ የማስበልጠው «የከርሞ ሰው»ን የመሳሰሉትን የራሱን ተውኔቶች፣ የከተማችንን ሰው በራሱ አንደበት ያናገረባቸውን ነው። ነገሥታቱን ለመውደድ ታሪክ ያግዘናል፤ ተራውን ሰው መድረክ ላይ አቁሞ ማስከበር የደራሲው የብቻው ሥራ ነው።

ተውኔቶቹ በንጉሡም በደርግም ዘመን ከመድረክ ታግደው ያውቃሉ። ባለሥልጣን ፈርቷቸው ነበር ማለት ነው። ዛሬ ማንም ሳያግዳቸው መደርደሪያ ላይ ተኝተዋል፤ ከእገዳው ይልቅ ይህ ያናድደኛል። ተማሪዎቼን ወስጄ የጸጋዬን ተውኔት ላሳያቸው ብዬ ቴአትር ቤት ለቴአትር ቤት ዞሬ አላገኘሁም። መጽሐፉን ልግዛ ብል ደግሞ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡት ልጆች የግጥም መድበሉን «እሳት ወይ አበባ»ን ያመጡልኛል፤ ተውኔቶቹን ስጠይቅ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ተውኔት ማዘጋጀት ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ሙሉ ትርኢት ካቃተ ግን ተዋንያን ወንበር ደርድረው ጽሑፉን በእጃቸው ይዘው ቢያነብቡልን ምን ይላቸዋል? ለአበባውና ለለስላሳው የሚወጣው ገንዘብ ይበቃዋል። አሳታሚዎችም የተውኔቶቹን መብት ከያዙት ወገኖች ጋር ተነጋግረው ተማሪ ሊገዛው በሚችል ወረቀትና ዋጋ ቢያትሟቸው የመጀመሪያው ገዥ የእኛ ክበብ ነው።

እስከዚያው አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ክበባችን «የከርሞ ሰው»ን እያነበበ ሊያጠና አስቧል። ቅጂው ያለው አንባቢ ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያሳውቀን። ጋዜጣ ለብሶ ይነበባል፤ ገጹ ሳይታጠፍ፣ በወሩ ይመለሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ መምህር
ከአዲስ አበባ