ከክልከላ በፊት መርፌና ሳሙና

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከባድ የምግብ አለርጂ ላለባቸው ሰዎች ኅብረተሰቡ ምን ያህል ሊቸገርላቸው ይገባል የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር ወሬው ኦቾሎኒን ከትምህርት ቤት ስለማገድ ይሆንና እዚያው ያበቃል። አንዱ ወገን ልጅ ሊሞት ነው ይላል፤ ሌላው ለአንድ ልጅ ሲባል ግቢው ሁሉ ለምን ይከልከል ይላል። ሁለቱም ክልከላው በእርግጥ ይሠራል ወይ ብለው አይጠይቁም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ትምህርት ቤቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ኦቾሎኒ ባገዱት ትምህርት ቤቶች የአድሬናሊን መርፌ (በከባድ አለርጂ ጊዜ ነፍስ የሚያድነው መድኃኒት) ያስፈለገበት መጠን ካላገዱት ያነሰ ሆኖ አላገኘውም። ቀንሶ የተገኘው ለአለርጂክ ልጆች የተለየ ገበታ ባዘጋጁት ዘንድ ነው። ለምን ቢባል፣ የእያንዳንዱን ልጅ ምሳ ዕቃ የሚፈትሽ የለም፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን መምህሩን ያዘናጋዋል። ደግሞም ወተትና እንቁላልም ይገድላሉ፤ እነሱን ማን ሊያግድ ነው?

አደጋው ያለው አለርጂውን የሚቀሰቅሰው የምግቡ ፕሮቲን ወደ አፍ ሲገባ ነው። የኦቾሎኒ ቅቤ ሽታ ፕሮቲን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ከባድ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው 30 ልጆች ቅቤውን ለ10 ደቂቃ በቅርብ ሲያሸቱ አንዳቸውም መላ ሰውነትን የሚያጠቃ ምልክት አላሳዩም። (የሚፈላ ዓሣ ወይም ወተት እንፋሎትና የዱቄት ብናኝ ጉዳያቸው ሌላ ነው፤ እነዚህ ፕሮቲን ተሸክመው ይሄዳሉ።) ስለዚህ ከምግብ በፊትና በኋላ የሁሉም ልጅ እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ጠረጴዛውም ይወልወል። ሳኒታይዘር እዚህ ላይ አይበቃም፤ ጀርም ቢገድልም ፕሮቲኑን ከእጅ አያነሳም።

ትልቁ ጉድለት ያለው አድሬናሊን ላይ ነው። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊግራም ነው። አንድ ሚሊ ሊትሩ 1 ሚሊግራም ከያዘው ብልቃጥ ሲቀዳ፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.2 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ለአዋቂ ከ0.5 አይለፍ። ብዕር መሰሉ መርፌ ግን መጠኑ ተለክቶ ስለሚመጣ ሐኪም ያልሆነም ሰው ሊወጋው ይችላል። የሚወጋው የጭን መሃል ላይ፣ በውጭው ጎን ነው፤ ልብስ ማውለቅ አያስፈልግም። ብዕሩ በጭብጥ ይያዝ፤ አውራ ጣቱን ጫፉ ላይ የሚያሳርፍ ሰው በግልባጭ ከያዘው የገዛ ጣቱን ይወጋል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛው ይወጋል። አለርጂው ያለበት ሰው ሁለት ብዕር ይዞ መዞር ያለበትም ለዚህ ነው።

ነፍስ የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ መዘግየት ነው። "መጀመሪያ እንክብሉን እንስጠውና እንየው" ይባላል። የፀረ አለርጂ እንክብል ማሳከክና ሽፍታ ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ የመተንፈሻ ቱቦ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊትም አያነሳም። ሌላው ስህተት ታማሚውን ደግፎ ማስኬድ ነው። የደም ሥሮቹ ሰፍተው ደም ወደ እግሩ ስለሚወርድ፣ ድንገት ሲቆም ልቡ የሚረጨው ደም ያጣል። በጀርባው ይንጋለልና እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፤ ካስመለሰው በጎኑ ይተኛ። ሽንት ቤት ብቻውን አይሂድ። ቢሻለውም ሆስፒታል ይወሰድ፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል።

ምግብ ቤቶችን በተመለከተ የምጠይቀው እውነቱን እንዲናገሩ ብቻ ነው። አስተናጋጁ "የለውም" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ምግቡ ላይ ስላላየው ነው። ተገዝቶ የመጣው ስጎ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው ማሸጊያው ነውና፣ ማሸጊያው ስጎው እስኪያልቅ አይጣል። ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ለድንችም ከዋለ ድንቹ ዓሣ ነክቶታል። የኦቾሎኒ ፕሮቲን በሙቀት አይጠፋም። ከላይ የተነሰነሰውን ኦቾሎኒ ለቅሞ ያንኑ ሳህን መልሶ ማምጣት ደግሞ እምቢ ከማለት የከፋ ነው። "ለእርስዎ በደህና ማዘጋጀት አንችልም" የሚል ምግብ ቤት ሊመሰገን ሲገባው ይከሰሳል፤ እዚህ ላይ አለርጂ ላለባቸው ሰዎች የሚከራከሩትም ቢሆኑ ተሳስተዋል።

ሕግ ማውጣትም ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰሊጥ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ስታስገድድ፣ አንዳንድ ዳቦ አምራቾች ማሽናቸውን ከማጽዳት ይልቅ ሆን ብለው ሰሊጥ ጨምረው "ሰሊጥ አለበት" ብለው ጻፉ። ሰሊጥ የማይስማማቸው ሰዎች ትናንት የሚበሉት ዳቦ ዛሬ ተከለከለባቸው። "ሊኖርበት ይችላል" የሚለው ማስጠንቀቂያም በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ በመሆኑ፣ ያልተጻፈበት ዕቃ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አንድ ትምህርት ቤት ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ፣ በማንም ልጅ ስም ያልተመዘገበ ትርፍ የአድሬናሊን ብዕር ይግዛ። በቁልፍ አይቆለፍበት፣ ፍሪጅ አይግባ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይም አይቀመጥ። ፈሳሹ ጥርት ያለ መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን በየወሩ አይቶ የሚፈርም አንድ ሰው ይመደብለት፤ እሱ በሌለበት ቀን የሚተካውም አብሮ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ